«ቴክ» እና «ወሰደ» በአልዱባ ገበያ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ውስጥ ጥቂት አጫጭር ግሦች አሉ፤ ጠባያቸውም ማለዳ ውሃ ቀድቶ፥ ቀትር እንጨት ፈልጦ፥ ማታ በር ዘግቶ የሚያድረውን የቤት አሽከር ይመስላል። ከእነዚህም አንዱ «ቴክ» የሚባለው ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው መጽሐፉን ከጠረጴዛ ሲያነሣ፥ መድኃኒቱን ሲውጥ፥ ገላውን ሲታጠብ፥ ለፈተና ሲቀመጥ፥ ፎቶግራፍ ሲያነሣ፥ አውቶቡስ ሲሳፈር፥ ማስታወሻ ሲይዝ፥ ከአሥር ላይ ሦስት ሲቀንስ፥ ሌላው ቀርቶ የአባቱን መልክ ይዞ ሲያድግ እንኳ ይህንኑ አንድ ግሥ ይጠራል፤ አሽከሩም አቤት ብሎ ይመጣል።

ይህ የእንግሊዝኛ ጠባይ በራሱ ነውር የለበትም፤ ቋንቋ ሁሉ የየራሱ ሥርዐተ ቤት አለውና። እንዲያውም የእንግሊዝኛን መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁትን ሊቃውንት ከሁሉ ይልቅ የሚያደክማቸው ረጅሙና ብርቁ ቃል ሳይሆን እንደዚህ ያለው ትንሽ ግሥ ነው። የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ረን» ለሚለው ግሥ ብቻ ከ600 የሚበልጥ የትርጕም ክፍል እንዳገኙለት እ.ኤ.አ. በ2011 ተነግሯል። «ቴክ»ም የዚሁ ማኅበር አባል ነው። ዛሬ ልንነቅፈው የተነሣነው ግን የእንግሊዝኛውን ቤት ሳይሆን የራሳችንን ቤት አያያዝ ነው። አማርኛ ለየሥራው የየራሱ ባለሙያ ግሥ እያለው፥ «ቴክ ማለት ወሰደ ማለት ነው» በምትል አጭር የክፍል ትምህርት ምክንያት፥ «ወሰደ» የተባለው ግሣችን የእንግሊዝኛውን አሽከር ሥራ ሁሉ ያለ ልምዱ እንዲሠራ እየታዘዘ ነው። ሥልጠና ይወሰዳል፤ ፈተና ይወሰዳል፤ ጊዜ ይወሰዳል፤ ሻወር ይወሰዳል፤ ኃላፊነት ይወሰዳል፤ መድኃኒት ይወሰዳል፤ እርምጃ ይወሰዳል። ይህ ሁሉ ሲወሰድ ለእኛ ምን እንደሚቀርልን መጠየቅ የተገባ ነው።

አስቀድመን የግሡን ትውልድ እንመልከት። «ወሰደ» ከግእዝ የወረስነው ነባር ቃል ነው። በግእዝ መራ፥ ይዞ ሄደ፥ አደረሰ ማለት ሲሆን፥ በአማርኛም አንድን ነገር ወይም አንድን ሰው ካለበት ወደ ሌላ ስፍራ ማድረስን ይናገራል። ተቃራኒው «አመጣ» ነው። ስለዚህ በ«ወሰደ» ውስጥ ሁልጊዜ መንገድ አለ፤ መነሻም መድረሻም አለ፤ አንድ ነገር ከእርሱ ዘንድ ሄዶበት የቀረም ሰው አለ። ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ወሰደው፤ ጎርፍ ድልድዩን ወሰደው፤ ወንድሙ የርስቱን ድርሻ ወሰደ እንላለን። «እንቅልፍ ወሰደው» ስንልም ሰውዬው ከነቃበት ዓለም ወደ ሌላ እንደ ተጓዘ አድርገን መናገራችን ነው፤ ይህም የአማርኛ የራሱ ውበት እንጂ ከማንም የተበደረው አይደለም።

በአንጻሩ ግእዝ የእንግሊዝኛውን «ቴክ» ለሚመስለው ሐሳብ ብዙውን ጊዜ የሚጠራው «ነሥአ» የተባለውን ግሥ ነው። ትርጓሜውም ያዘ፥ ተቀበለ፥ አነሣ ማለት ነው። ይህ ግሥ በአማርኛ ልዩ ልዩ ልጆች አሉት። አንደኛው «ነሣ» ነው፤ ከለከለ፥ አሳጣ የሚል ምሥጢር ይዞ «ጭንቀት እንቅልፍ ነሣው» ይባልበታል። ሁለተኛው «አነሣ» ነው፤ ከታች ወደ ላይ ከፍ ማድረግን ይናገራል። «ተነሣ» እና «ትንሣኤ» የሚሉትም ከዚሁ ዘር የተገኙ ናቸው። «አኀዘ» የሚለው የግእዝ ግሥ ደግሞ በአማርኛ «ያዘ» ሆኖ በእጅ መጨበጥን፥ ማቆየትን፥ መጀመርንም ይገልጻል። ከዚህ የምንረዳው፥ አባቶቻችን ለአንዱ የእንግሊዝኛ ግሥ ቢያንስ ሦስት ሠራተኞችን በየሥራቸው መድበው እንዳቈዩልን ነው።

ይህን ጕዳይ ለመመርመር ከአገራችን ስፍራዎች ሁሉ አልዱባን መርጠናል፤ ምክንያቱንም እንገልጻለን። አልዱባ በደቡብ ኦሞ፥ በበና ፀማይ ወረዳ፥ ከቀይ አፈርና ከጂንካ የማትርቅ የገበያ መንደር ናት። ገበያዋ ማክሰኞ ይውላል። በዚያ ቀን በናው፥ ፀማዩ፥ አሪው፥ ሐመሩም ማሩንና ቅቤውን፥ በቆሎውንና ማሽላውን፥ ቅሉንና ፍየሉን ይዞ ይሰበሰባል። የበናና የሐመር አነጋገር እጅግ የተቀራረበ ነው፤ የአሪም ቋንቋ ከዚያው ከኦሟዊው ወገን ይቈጠራል፤ የፀማይ ቋንቋ ግን ከኩሻዊው ወገን ነው። ስለዚህ በአንድ ገበያ ውስጥ የተለያየ ትውልድ ያላቸው ቋንቋዎች ይገናኛሉ፤ አማርኛም ከሌላ አገር ከመጣው ነጋዴ፥ ከአስተማሪውና ከሐኪሙ ጋር የሚያገናኝ የመካከል ቋንቋ ሆኖ ያገለግላል። በስተኋላም እንግሊዝኛ በትምህርት ቤትና በቱሪስት በኩል መጥቶ ተጨምሯል።

የጎንደር ወይም የደብረ ማርቆስ ልጅ ከእናቱ ጕልበት ሥር አማርኛ ሰምቶ ያደገ በመሆኑ፥ መጽሐፉ ቢሳሳት ጆሮው ያርመዋል። «ቦታ ወሰደ» የሚል ትርጕም ቢያነብ ስቆ «ተደረገ ማለት ነው» ይላል። በአልዱባ ግን ልጁ አስቀድሞ የቤቱን ቋንቋ፥ ቀጥሎ አማርኛን፥ ደግሞም እንግሊዝኛን ይማራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፥ እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲጠናና በሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። እንዲህ ላለው ተማሪ አማርኛው ራሱ የሚማረው ነገር ነው። «ቴክ ማለት ወሰደ» ብለን በሰጠነው ጊዜ እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም በአንድ ስሕተት ሁለት ጊዜ እናጎድልበታለን፤ የሚያርመውም ጆሮ ገና አልበሰለለትም።

እንግዲህ በገበያው መካከል ቆመን እናዳምጥ። ማር ሻጭቱ ለአንድ ሽማግሌ በጣቷ ጫፍ ጥቂት ማር አንሥታ ስታቀርብ «እንኩ፥ ቅመሱት» ትላለች። እኩያዋ ቢሆን «እንካ»፥ ሴት ብትሆን «እንኪ»፥ ብዙ ቢሆኑ «እንካችሁ» ትል ነበር። ይህ «እንካ» የተባለው ቃል አስደናቂ ነው። ትእዛዝ ብቻ እንጂ ኀላፊም ትንቢትም የለውም፤ ከእጅ ወደ እጅ በሚደረግ ስጦታ ጊዜ ብቻ ይወለዳል፤ ወዲያውም ይሞታል። ገበያተኛው ከረጢቱን ለጊዜው ለባልንጀራው ሲሰጥ «ያዝልኝ» ይለዋል። ቅሉን ከመሬት ላይ ብድግ እንዲያደርግ ሲያዝዘው «አንሣው» ይላል። የገንዘቡን መልስ ሲሰጠው «ተቀበል» ይለዋል። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ በዋጋው ሲስማማ ግን ሻጩ ራሱን ነቅንቆ «በል ውሰደው» ይላል። ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል የውል ማኅተም ናት። ከዚያ በኋላ ዕቃው የገዢው ነው።

እንግሊዛዊ በእነዚህ በአምስቱም ስፍራ «ቴክ» ቢል ማንም አይስቅበትም፤ ነገሩን ሁኔታው ያስረዳለታልና። በአማርኛ ግን አምስቱ ቃላት አምስት ልዩ ልዩ ሥራዎች፥ አልፎም አምስት ልዩ ልዩ ሕጎች ናቸው። «ያዝልኝ» የተባለ ሰው ባለ ዐደራ ነው፤ «ውሰደው» የተባለ ሰው ባለቤት ነው። ከመዝገበ ቃላቱ «ወሰደ»ን ብቻ ይዞ የወጣ ተማሪ፥ ውሃ ጠጥቶ እስኪመለስ ድረስ ፍየሉን ለጐረቤቱ ትቶ ለመሄድ ፈልጎ «ፍየሌን ውሰደው» ቢለው፥ ሲመለስ ፍየሉንም ጐረቤቱንም ባያገኝ ማንን ይከሳል? ዳኛም ቢቀርቡ ቃሉ ራሱ ይመሰክርበታል። ይህን ለማሳቅ ብቻ አላነሣነውም፤ ግሥን መለየት ንብረትን መለየት መሆኑን ለማስረዳት ነው እንጂ።

ከዚህ ቀጥሎ ደቡብ ኦሞን ከሌላው አገር ይልቅ ወደሚነካው ወደ ፎቶግራፍ ነገር እንመጣለን። የባሕር ማዶ ጎብኚዎች በአልዱባ፥ በዲመካና በቱርሚ ገበያዎች ካሜራቸውን ይዘው ሲዞሩ ማየት የተለመደ ነው፤ ሥዕሉ ለሚነሣውም ሰው ገንዘብ መክፈል ልማድ ሆኗል። እንግሊዝኛ ፎቶግራፍን «ይወስዳል»፤ አማርኛ ፎቶግራፍን «ያነሣል»። በአማርኛው አነጋገር ከሰውዬው ላይ የሄደ ነገር ያለ አይመስልም፤ መልኩ እንደ ውሃ ላይ ጥላ ብድግ ይላል እንጂ። ስለዚህም «ፎቶ ላንሣሽ?» የሚል ሰው ትሑት ነገር የጠየቀ ይመስላል። አንዳንድ አስጎብኚ ግን የእንግዳውን ቃል እንዳለ ገልብጦ «ፎቶ ልውሰድ» ይላል ይልሻል ቢላት፥ አማርኛን በገበያ የተማረች የበና እናት «ወዴት?» ብላ ብትጠይቅ ጥያቄዋ ልክ ነው።

ዴቪድ ተርተን የተባሉት እንግሊዛዊ የሥነ ሰብእ ሊቅ ከጂንካ ወዲያ ያሉትን ሙርሲዎች ለብዙ ዘመን አጥንተዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ሙርሲዎችና ስለ ጎብኚዎች አስቸጋሪ ግንኙነት በጻፉት ሐተታ አርእስት ላይ ጎብኚዎቹን በፎቶግራፍ ሥራቸው ሰይመዋቸዋል። በዚያ አርእስት ውስጥ ያለው ግሥ ይኸው «ቴክ» ነው። ይህን አርእስት ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው በሁለት መንገድ መካከል ይቆማል። «ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሰዎች» ቢል አማርኛው ያምራል፤ ነቀፌታው ግን ይጠፋል። «ፎቶግራፍ የሚወስዱ ሰዎች» ቢል አማርኛው ይጎረብጣል፤ ነገር ግን ከአንዱ ዘንድ ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር የሄደ ነገር መኖሩን ያሰማል።

በዚህ ስፍራ ፍርዳችን ለየት ይላል። ስለ ፎቶግራፍ እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ግሦች ያስፈልጋሉ። መልክን ማንሣት አንድ ሥራ ነው፤ የተነሣውን መልክ ባሕር አሻግሮ መውሰድ፥ በመጽሐፍና በፖስት ካርድ አትሞ መሸጥ ሌላ ሥራ ነው። በገበያው የሚከፈለው ጥቂት ብር ለማንሣቱ ነው፤ ስለ መውሰዱ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ የለም። እንግሊዝኛ ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ቃል ጠቅልሎ ስለሚያልፋቸው ጥያቄውም አብሮ ይጠቀለላል። አማርኛ ግን «ላንሣ?» እና «ልውሰድ?» ብሎ ሁለት ጊዜ እንዲያስፈቅድ የሚያስችል ሀብት አለው። አስጎብኚዎች ይህን ልዩነት ቢይዙት ለእንግዳውም ለባለ መልኩም ክብር ይሆናል። በ«ወሰደ» አለቦታው መነገር ስናዝን፥ በቦታው ሲነገር ደግሞ እንዴት ያለ ስለታም ቃል እንደ ሆነ መመስከር አለብን።

ወደ መድኃኒቱ እንለፍ። «ክኒኑን በቀን ሦስት ጊዜ ይውሰዱ» የሚለው ትእዛዝ ዛሬ በብዙ ስፍራ ይሰማል። ይህም የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ልጅ ነው። ቀድሞ አማርኛ ለሕክምና የነበረው ግሥ እጅግ የበለጸገ ነበር፤ አሁንም አለ። ክኒን ይዋጣል፤ ሽሮፕ ይጠጣል፤ ቅባት ይቀባል፤ መርፌ ይወጉታል፤ ጢስ ይታጠኑታል፤ ጠብታ በዓይን ይጨመራል። እያንዳንዱ ግሥ የአጠቃቀሙን ሥርዐት በሆዱ ይዞ ይመጣል። ከትል መድኃኒቶች መካከል ታኝኮ የሚዋጥ አለ፤ ለተቅማጥ የሚሰጠው ዱቄት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ የዓይኑ ቅባት በዓይን ይቀባል። ለሦስቱም «ይውሰዱ» ብንል ምን አስተማርን? ማንበብ ለማይችለው ሕመምተኛ በጤና ኬላ ደጃፍ የሚነገረው አንድ ግሥ መመሪያው ሁሉ ነው። ግሡ ባዶ ከሆነ መመሪያውም ባዶ ነው።

ይልቁንም አንድ በሽታ ይህን ነገር በግልጥ ያሳየናል። በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የጤና ባለሙያው ሕመምተኛው መድኃኒቱን ሲውጥ ቆሞ በዓይኑ እያየ የሚከታተልበት ሥርዐት አለ። ይህ ሥርዐት የተፈጠረበትም ምክንያት ክኒኑን ከመድኃኒት ቤት የወሰደ ሁሉ ክኒኑን የዋጠ ባለመሆኑ ነው። የወሰደውን ከመንገድ ላይ ሊጥለው፥ ለወንድሙ ሊያካፍለው፥ ሲሻለው በሣጥን ሊያስቀምጠው ይችላል። እንግዲህ የሥርዐቱ ምሥጢር በመውሰድና በመዋጥ መካከል ያለው ልዩነት ከሆነ፥ በመዝገብ ላይ «መድኃኒቱን ወስዷል» ብሎ መጻፍ ያንኑ ልዩነት ማጥፋት ነው። የበሽታ መዛመትና የሰው ሕይወት በአንድ ግሥ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል የምንለው ስለዚህ ነው።

በመጨረሻ የምናነሣው «እርምጃ መውሰድ» የሚለውን ነው። ይህ አነጋገር የባሕር ማዶ መልክ ያለው ቢሆንም በጽሕፈት ቤቱ ቋንቋ ውስጥ ሥር ሰድዷል። ነገር ግን ታሪኩ መዘንጋት የለበትም። በቀይ ሽብር ጊዜ፥ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፥ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» ሲባል ተገደሉ ማለት እንደ ነበረ የዘመኑ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አማርኛ «ገደለ» የሚል ግሥ አለው፤ ይህም ግሥ ገዳዩን ይጠይቃል፤ ማን ገደለ? ሟቹንም ይጠይቃል፤ ማን ሞተ? «እርምጃ ተወሰደ» ግን ማንንም አይጠይቅም። የሄደ እግር የሌለው እርምጃ፥ የወሰደ እጅ የሌለው መውሰድ ነው። ዛሬም ቢሆን በአንድ ወረዳ የከብት መኖ መሬት ስለ መከለሉ፥ በአንድ ከተማ የድኻ ሱቅ ስለ መታሸጉ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ «አስፈላጊው እርምጃ ተወስዷል» የሚለውን ባነበብን ቍጥር፥ ማን ምን አደረገ ብለን ልንጠይቅ ይገባናል። ከለከለ፥ ቀጣ፥ አሰረ፥ አሸገ፥ አባረረ፥ ዕርዳታ ሰጠ፥ ጕድጓድ ቈፈረ የሚሉ ግሦች ሁሉ አሉና።

አሁን አንድ ተቃዋሚ ሊነሣብን ይችላል። «ቋንቋ እንደ ወንዝ ነው፤ ገባሮች ይገቡበታል። እንግሊዝኛ ራሱ ከባዕድ እየተበደረ አልሰፋምን?» ይለናል። እውነት ነው፤ እንዲያውም ከዚህ የበለጠ ምስክር እንሰጠዋለን። «ቴክ» ራሱ የእንግሊዝኛ ተወላጅ አይደለም። ከስካንዲናቪያ አገሮች መጥተው በእንግሊዝ አገር በሰፈሩት ሰዎች አፍ የመጣ፥ «ታካ» ይባል የነበረ ቃል ነው። የጥንቱ እንግሊዝኛ ለዚህ ሐሳብ «ኒማን» የሚል የራሱ ግሥ ነበረው፤ ጀርመንኛ ዛሬም ዘመዱን «ኔመን»ን ይዞ ይኖራል። እንግሊዝኛ ግን መጤውን ተቀብሎ ነባሩን አሰናበተ። ከጥንቱ ግሥ የተረፈለት ዋናው ቅሬታ መደንዘዝን የሚገልጸው «ነም» የሚለው ቅጽል ነው፤ ስሜቱ የተወሰደበት ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ ታሪክ ለተቃዋሚያችን እንደሚመስለው አይረዳውም። እንግሊዝኛ አንዱን ግሥ በአንድ ግሥ ለወጠ፤ እኛ ግን በአንዱ ግሥ ዐሥራ አምስቱን ልንለውጥ ነው። የመጀመሪያው ልውውጥ ነው፤ ሁለተኛው ግን ኪሣራ ነው። ደግሞም እኛ ከእንግሊዝኛ የወሰድነው ቃሉን አይደለም። «ካሜራ»ን፥ «ክኒን»ን፥ «ሽሮፕ»ን ስንቀበል ያልነበረን ዕቃ ከነስሙ ተቀበልን፤ ይህ ትርፍ ነው። «ሥልጠና ወሰደ» ስንል ግን «ሠለጠነ» የሚለውን ያለንን ግሥ በስም ለውጠን፥ ስሙን ለ«ወሰደ» አሸክመን ላክነው። ይህ ከሙሉ ጎተራ አጠገብ ቆሞ መበደር ነው።

ፍርዳችን ሚዛናዊ ይሆን ዘንድ እነዚህን አነጋገሮች በሦስት እንከፍላቸዋለን። የመጀመሪያዎቹ ታጋሾች ልንሆንላቸው የሚገቡ ናቸው፤ «ብድር ወሰደ»፥ «ሽልማት ወሰደ»፥ «ፈቃድ ወሰደ» የመሳሰሉት አንድ ነገር ከሰጪ ወደ ተቀባይ መዛወሩን ስለሚናገሩ ከ«ወሰደ» ባሕርይ አልወጡም። ሁለተኛዎቹ ጕዳት የማያደርሱ፥ ግን የሚያባክኑ ናቸው። ከ«ጊዜ ወሰደ» ይልቅ «ጊዜ ፈጀ» ይሻላል፤ መፍጀት የጊዜን ማለቅ ያሳያልና። «ፈተና ወሰደ» ከሚለው «ተፈተነ» ይሻላል፤ ተማሪው በፈተናው ሥር ማለፉን ያሰማልና። «ኃላፊነት ወሰደ» ከሚለው «ኃላፊነት ተሸከመ» ይሻላል፤ የነገሩን ክብደት በትከሻ ያሳያልና። ሦስተኛዎቹ ግን ልንታገሣቸው የማይገባን ናቸው፤ እነርሱም ሕመምተኛውን የሚያሳስት «መድኃኒት ይውሰዱ»ና ሠሪውን የሚሰውር «እርምጃ ተወሰደ» ናቸው።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው ለሚለን አንባቢ፥ አዲስ ነገር መፈልሰፍ አያስፈልግም። መንገዱን ያሳዩን ሊቃውንት አሉ። ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት፥ የእንግሊዝኛውን ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ከመተርጐም ይልቅ ቃሉን በልዩ ልዩ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አግብተው ለእያንዳንዱ አገባብ የሚስማማውን አማርኛ ሰጥተዋል። ሥራው ከሺህ ገጽ የበለጠውም ስለዚህ ነው። በዚያው ዓመት ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ከሞዝባክ ጋር ሆነው ያዘጋጁት መዝገበ ቃላትም ለተማሪዎች ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል። የአማርኛውን ሀብት ለማወቅ የሚሻ ደግሞ በ1951 ዓ.ም. የወጣውን የተሰማ ሀብተ ሚካኤልን ከሣቴ ብርሃን፥ በ1962 ዓ.ም. የታተመውንም የደስታ ተክለ ወልድን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ይግለጥ። የምንነቅፈው በጥቁር ሰሌዳ ላይ በግራ አንድ እንግሊዝኛ፥ በቀኝ አንድ አማርኛ አድርጎ በመካከላቸው የእኩል ምልክት የሚያኖረውን ዝርዝር ነው። ሒሳብ እንጂ ቋንቋ የእኩል ምልክት አይወድም።

ስለዚህ የጂንካም የአልዱባም አስተማሪ «ቴክ»ን ሲያስተምር ዝርዝሩን ትቶ ተማሪዎቹን ወደ ማክሰኞ ገበያ በሐሳብ ቢመራቸው መልካም ነው። ዕቃ ሲሰጥ ምን ይባላል? ዐደራ ሲቀመጥ ምን ይባላል? ዋጋ ሲቈረጥ ምን ይባላል? ብሎ ይጠይቃቸው። አስቀድመው በየቤታቸው ቋንቋ ይመልሱለት፤ ከዚያ በአማርኛ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ። በዚያን ጊዜ የበናው ልጅ የእናቱ ቋንቋ ለዚህ ነገር ስንት ግሥ እንዳለው ይቈጥራል፤ የአሪው ልጅም የራሱን ከእርሱ ጋር ያስተያያል፤ እንግሊዝኛውም ከሁሉ በላይ የተቀመጠ ዳኛ መሆኑ ቀርቶ ከቋንቋዎች እንደ አንዱ ሆኖ ይቀርባል። ይህ ልምምድ ብር አይጠይቅም፤ ጠመኔና ጆሮ ብቻ ይበቃዋል።

ከአስተማሪው ቀጥሎ ነገሩ የሚመለከታቸው የመድኃኒት መመሪያና የመንግሥት ደብዳቤ ጸሐፊዎች ናቸው። ከእነርሱ የምንለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። ብዕራቸው «ወሰደ»ን ለመጻፍ ሲቃጣ ጥቂት ቆም ብለው፥ ከየት ወደ የት? ብለው ይጠይቁ። መንገድ ካለው ይጻፉት፤ ቦታው ነውና። መንገድ ከሌለው ግን ትክክለኛው ግሥ በሌላ ስፍራ ተቀምጦ እየጠበቃቸው ነው፤ ይዋጡ፥ ይጠጡ፥ ይቀቡ ብለው ቢጽፉ፥ ቀጣን፥ ከለከልን፥ ሰጠን ብለው በስማቸው ቢፈርሙ፥ አንባቢው የታዘዘውንም ያዘዘውንም ያውቃል።